ዋይል ሉፕ፦ በሁኔታ የሚመራ ድግግሞሽ በጀማሪ ፕሮግራሚንግ

ዋይል ሉፕ አንድ ሁኔታ እውነት ሆኖ እስከቆየ ድረስ የተወሰኑ ትእዛዞችን ደጋግሞ የሚያስፈጽም የፕሮግራም መዋቅር ነው። የዙሩ ብዛት አስቀድሞ ሲታወቅ ፎር ሉፕ ይመረጣል፤ ጎንደር ውስጥ ቡና አፍልታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትቀዳ ሴት ስንት ዙር እንደምታዞር ከመጀመሪያው ታውቃለች። ዋይል ሉፕ የሚያስፈልገው ግን የዙሩ ብዛት ሳይታወቅ ማቆሚያው ብቻ ሲታወቅ ነው። ለጥምቀት በዓል የአፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት በቀሃ ወንዝ ውሃ ሲሞላ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ የሚወስነው የሚገባው ውሃ መጠን ሲሆን የሚሞላው ሰው የሚጠብቀው ውሃው ከሚፈለገው ከፍታ መድረሱን ብቻ ነው።

ይኸው ምሳሌ አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች የሚሰናከሉበትንም ቦታ ያሳያል። በአማርኛ የሚቀናን «እስኪሞላ ድረስ ውሃ ልቀቅ» ማለት ነው፤ «እስኪ» የሚነግረን የሥራውን ማብቂያ ነው። ዋይል የሚጠይቀው ግን የመቀጠያውን ሁኔታ፣ ማለትም «እስካልሞላ ድረስ» የሚለውን ነው። ተማሪው የአፉን ልማድ ተከትሎ «ሞልቷል» የሚለውን ሁኔታ ከጻፈ፣ ገንዳው በመጀመሪያ ባዶ ስለሆነ ሁኔታው ሐሰት ይሆንና ኮምፒውተሩ ወደ ሉፑ ሳይገባ ያልፈዋል፤ አንዲት ጠብታም አይወርድም። ኒክላውስ ቪርት የነደፈው ፓስካል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከዋይል ሌላ ልክ እንደ «እስኪ» የሚሠራ ሪፒት አንቲል የተባለ መዋቅር ስላለው፣ በዚህ ረገድ ለአማርኛ አሳቢ ፓይተን ከተባለው ቋንቋ ይልቅ የቀረበ ነበር ማለት ይቻላል።

አሠራሩን ለማየት ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት መፈለግ ጥሩ መልመጃ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይህ የሚሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል ሦስት በሚተርፍበት ዓመት፣ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ዘመነ ሉቃስ በሚለው ነው። ፓይተን 3 የቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት መያዣ) ስም በፊደላችን መጻፍን ስለሚፈቅድ፣ ተማሪው «ዓመት» የሚል ቫሪያብል ከፍቶ 2016ን ያስቀምጥበታል፤ ቀጥሎም ቀሪው ሦስት እስካልሆነ ድረስ በዓመቱ ላይ አንድ እንዲደመር ያዛል። የ2016 ቀሪ ዜሮ፣ የ2017 አንድ፣ የ2018 ሁለት ስለሆነ ሦስቴ ይደመራል፤ 2019 ላይ ቀሪው ሦስት ሲሆን ሉፑ ይቆማል። ልብ መባል ያለበት፣ ድምሩ የተፈጸመው ሦስት ጊዜ ቢሆንም ሁኔታው የተፈተሸው አራት ጊዜ መሆኑ ነው፤ የመጨረሻው ፍተሻ መውጫው ነው። መነሻው 2019 ራሱ ቢሆን ኖሮ ሉፑ አንድም ዙር ሳይዞር 2019ን ይመልስ ነበር። የተፈለገው «የሚቀጥለው» ዘመነ ሉቃስ ከሆነ ይህ መልስ ስሕተት ነው፤ ከሉፑ በፊት አንድ ዓመት መደመር ያስፈልጋል።

ከስሕተቶች ሁሉ የታወቀው ማለቂያ የሌለው ሉፕ ነው። ዓመቱን ስክሪን ላይ የምታሳይ ሌላ መስመር በሉፑ ውስጥ ኖራ አንድ የምትደምረው መስመር ከተረሳች፣ ወይም በፓይተን ወደ ውስጥ ገባ ሳትል ከሉፑ ውጭ ከተጻፈች፣ ዓመቱ 2016 ላይ እንደቆመ ይቀራል። ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው ቋንቋ ደግሞ ከሁኔታው ቅንፍ ቀጥሎ በስሕተት የገባች አንዲት ሴሚኮለን (;) ሉፑን ባዶ አካል ትሰጠውና ከታች ያለው ድምር ሳይደረስበት ይቀራል፤ ዓይን በቀላሉ ስለማይይዛት ይህችኛዋ በጣም አድካሚ ናት። ሌላው ከአስርዮሽ ቁጥር ጋር የሚመጣ ነው። ከዜሮ ተነሥቶ 0.1 እየደመረ «ድምሩ 1.0 እስካልሆነ ድረስ» የሚዞር ሉፕ በፓይተን አይቆምም፤ ኮምፒውተሩ 0.1ን በሁለትዮሽ በትክክል መያዝ ስለማይችል ከአሥር ዙር በኋላ ድምሩ 0.9999999999999999 ይሆንና 1.0ን ዘሎ ያልፋል። «እኩል ካልሆነ» በማለት ፋንታ «ካነሰ» ብሎ መጻፍ ሉፑን ያስቆመዋል፤ ነገር ግን አንድ ዙር ስለሚጨምር፣ ዙሩን በሙሉ ቁጥር መቁጠር ይሻላል።

መዋቅሩ በፕሮግራሚንግ ውስጥ ያለው ስፍራ በንድፈ ሐሳብም የተረጋገጠ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ተመራማሪዎቹ ቦምና ያኮፒኒ ማንኛውም ስሌት በቅደም ተከተል፣ በምርጫና በድግግሞሽ ብቻ ሊገለጽ እንደሚችል አሳዩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ኤድስገር ዳይክስትራ ጎቱ የተባለውን ወደፈለጉበት መዝለያ ትእዛዝ አጥብቆ ነቀፈ።

ኮምፒውተሩ ራሱ «ይህ ሉፕ አያልቅም» ብሎ ለምን አያስጠነቅቅም የሚለው የተማሪዎች ጥያቄ መልሱ ከዚያም ይቀድማል። የሒሳብ ሊቁ አላን ቱሪንግ በ1936 ማንኛውንም ፕሮግራም መርምሮ ይቆም አይቆም እንደሆነ ሁልጊዜ በትክክል የሚለይ አጠቃላይ ዘዴ ሊኖር እንደማይችል አረጋግጧል። ስለዚህ ስክሪኑ 2016ን እየደጋገመ ሲሮጥ፣ ኮንትሮልንና ሲን አንድ ላይ ተጭኖ ማስቆም የተማሪው ፈንታ ነው፤ መብራት ካልቀደመው።