የበጎ አድራጎት ሂሳብ ሶፍትዌርና ተጨማሪዎቹ፦ ባሕር ዳር ላይ ከመጫን በፊት ያለው ሥራ

ነጋዴ የሚጠየቀው ስንት አተረፍክ ተብሎ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅት ግን የማንን ገንዘብ ለምን አዋልክ ይባላል። ለጣና እምቦጭ ነቀላ የመጣ ብር ለትምህርት ቤት ወንበር አይውልም። የሂሳብ ፕሮግራሞቹ ፒችትሪም ሆነ ኩዊክቡክስ መጀመሪያ የታሰቡት ለነጋዴ ነው። ስለዚህ ገንዘብን በለጋሽና በበጀት መስመር የሚለይ፣ ደመወዝ የሚሠራ ወይም የለጋሽ ሪፖርት የሚያወጣ ተጨማሪ ፕሮግራም ይታከልባቸዋል። አንዱ አድኦን ይለዋል፣ ሌላው ፕለጊን። ኦዱ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ ደግሞ ሞጁል ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ደህና ገበያ አላት። የአልማ (የአማራ ልማት ማኅበር) እና የአመልድ (የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤቶች እዚሁ ናቸው። ከእነሱ ሌላ ሁለት ሦስት ክፍል ተከራይተው የሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ። በትንንሾቹ ሂሳብ ሹሙ ራሱ አይቲ ነው፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የሚጠራው እሱው ነው።

አፕዴት ማድረግ ለምን ያስፈልጋል? ብዙ ጊዜ ሕግ ስለሚለወጥ ነው። በ2017 ሐምሌ የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነውን ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳደገው። ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጀምረውም ከ10,900 በላይ መሆኑ ቀርቶ ከ14,000 በላይ ሆነ። በወር 2,000 ብር የሚከፈለው ጥበቃ በድሮው ሰንጠረዥ 157 ብር ከ50 ይቆረጥበት ነበር። አሁን ምንም ግብር የለበትም። የፔሮል (የደመወዝ) አድኦኑ የድሮውን ሰንጠረዥ ይዞ ከቀጠለ ግን ማሽኑ ዝም ብሎ ይቆርጣል። የጡረታው መዋጮ (ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) ስላልተነካ ደግሞ ስሌቱ ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል። የሚያታልለውም እሱ ነው።

ሌላው የምንዛሪ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 አለፈ። ተመኑን በየቀኑ መመዝገብ የማይችል ተጨማሪ የያዘ ቢሮ በዶላር የሚመጣ ድጋፉን በኤክሴል ለማስላት ተገደደ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። እያንዳንዱ ወጪ ሲመዘገብ የአስተዳደር ነው ወይስ የዓላማ ማስፈጸሚያ የሚለውን መለየት የማያስችል ተጨማሪ፣ ቢያምርም ባይገዛ ይሻላል።

ወደ ዝግጅቱ እንግባ። መጀመሪያ ቨርዥን ይታያል። ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል፤ ለ16 የተሠራ ሞጁል ሳይስተካከል 17 ላይ አይሠራም። ኩዊክቡክስ ላይ የድርጅቱ ፋይል አንዴ ወደ አዲሱ እትም ከተቀየረ የድሮው እትም አይከፍተውም። ባሕር ዳር ያለው ሰው ቅዳሜ ተቀምጦ ያዘምናል፤ ሰኞ የደብረ ታቦሩ ቅርንጫፍ ፋይሉ እምቢ አለኝ ብሎ ይደውላል። ፒችትሪ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) እትሙ ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሏል። እኛ ግን ስሙን አልለቀቅነውም። ተጨማሪ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ።

ቀጥሎ ባክአፕ። ፒችትሪ ላይ ባክአፕ ሲወሰድ ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ መውጣት አለበት። ቅጂው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታይ። አንድ ጊዜ እኔ በምሠራበት ቢሮ ባክአፑ የተቀመጠው እዚያው ሰርቨር ላይ፣ ዲ ድራይቭ ውስጥ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ሄዱ። የሦስት ወር ቫውቸር ከፋይል ሳጥን አውጥተን እንደገና መዘገብን። ከዚያ ወዲህ ፍላሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

የኢንተርኔቱ ጉዳይ እዚህ የራሱ ጠባይ አለው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ከኢንተርኔት እየወረደ የሚጫነውን ትንሹን ፋይል ሳይሆን ሙሉውን መጫኛ አስቀድሞ ማውረድ ይመረጣል። የላይሰንስ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። አንዳንዱ ተጨማሪ ላይሰንሱን በኢንተርኔት ካላረጋገጠ አይነሳም፤ ይህን ከመግዛት በፊት ጠይቁ። ፕሮግራሙ እየተጫነ መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ዳታቤዙ ሊበላሽ ይችላል፤ ያለ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) አይጀመርም። ራሱ የሚያዘምነው ቅንብርም ይዘጋ።

ጊዜውስ? የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 ለሚዘጉ ከሐምሌ እስከ መስከረም አይነካም። ዓመታዊ ሪፖርቱ ዓመቱ ካለቀ በ3 ወር ውስጥ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መቅረብ ስላለበት ኦዲተሩ ያኔ በር ላይ ነው። ለጋሹ በፈረንጅ ዓመት የሚሄድ ከሆነ ታኅሣሥና ጥርም ይጨናነቃሉ። እኔ ኅዳርን እመርጣለሁ።

ከመጫኑ በፊት ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ቀሪ ዝርዝር) ይታተማል። ከተጫነ በኋላም ይታተማል። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው በሳንቲም ደረጃ መግጠም አለባቸው። ያለፈው ወር ደመወዝም በአዲሱ ፔሮል ሙከራ ተሠርቶ ከተከፈለው ጋር ይመሳከራል። ቀኑ፣ የቨርዥን ቁጥሩና የጫነው ሰው ስም መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ሁለቱ ወረቀቶች ተፈርመው እዚያው መዝገብ ውስጥ ይታሰራሉ፤ ኦዲተሩ ሲመጣ ይጠይቃቸዋል።