የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሥነ ምግባር፦ ወላጆች የሚሳሳቱባቸው ነገሮችና እውነታው

«ካጠፋ ይጠሩኛል»

ጥሪው የሚደርሳችሁ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስም የሚጠራው ጠዋት ብቻ ከሆነ፣ ከእረፍት በኋላ አጥር ዘሎ የሚፎርፍ ልጅ በመዝገቡ ላይ «ተገኝቷል» ተብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሳትጠሩ፣ በወር አንድ ጊዜ የክፍል ኃላፊውን መምህር ጠይቁ፦ ስንት ቀን ቀረ? ከእረፍት በኋላስ ይገባል? ከማን ጋር ይውላል?

«ልጄ ከተማ ተከራይቶ ነው የሚማረው፤ ከገጠር ሆኜ ምን ላድርግ?»

ወሎ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ስንቁን ይዞ የወጣ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ የራሱ አዛዥ ይሆናል። ቤቱን ራሳችሁ ሄዳችሁ ተከራዩ፤ ከአከራይዋ ጋር ስልክ ተለዋወጡ። ኪራዩን በልጁ እጅ አትላኩ። ብሩን ያጠፋ ልጅ አከራይዋን ለመሸሽ አምሽቶ ይገባል፤ ያመሸ ደግሞ ጠዋት ይቀራል።

የገበያ ቀንንም ተጠቀሙበት። ለምሳሌ የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ክፍት ነው፤ እግረ መንገዳችሁን ጎራ በሉ። ከአንድ ቅሬ (የሰፈር እድር) ብዙ ልጆች ከወጡ ወላጆች ተራ ይግቡ፤ ተረኛው የሁሉንም ጠይቆ ይመለስ።

«እኔ አልተማርኩም፤ ደብተሩ አይገባኝም»

ፊደል ባትቆጥሩም ገጽ ትቆጥራላችሁ። የልጃችሁንና አብሮት የሚማረውን ልጅ የፊዚክስ ደብተር ጎን ለጎን ግለጡ። የጓደኛው ግማሽ ደርሶ የእሱ አራተኛ ገጽ ላይ ከቆመ፣ ክፍል እንዳልገባ ደብተሩ ራሱ ይነግራችኋል።

«ወላጅ አምጣ ከተባለ አጎቱም ይበቃል»

አንዳንዱ ልጅ የሚያመጣው «አጎት» መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ነው። ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ፣ ፈርሞ ይሄዳል፤ እናንተ አትሰሙም። ልጁን ስታስመዘግቡ የእናትና የአባትን ስልክ ራሳችሁ አስይዙ፤ «ከእኛ ሌላ ሰው ከመጣ ደውሉልን» በሉ።

«ዱላ ያልቀመሰ አይታረምም»

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 መሠረት ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ ናቸው። ስለዚህ መምህሩን «ግረፍልኝ» ማለት ሕግ እንዲጥስ መጠየቅ ነው። ቤት ውስጥም ቢሆን የተደበደበ ልጅ የሚማረው መደበቅን ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ መሸሽ ለሚያስብ ልጅ የስደት ደላላ ሩቅ አይደለም፤ ይሄ በጣም ያሳስባል። ይልቅ ቅጣቱን ከጥፋቱ ጋር አያይዙት፦ ለፎረፈበት ትምህርት ኖቱን ቅዳሜ ገልብጦ ይጨርስ፤ የሰደበውን መምህር እናንተ ባላችሁበት ይቅርታ ይጠይቅ። ስልኩን ከያዛችሁበትም ለስንት ቀን እንደሆነ ንገሩት።

«ጫት ለጥናት ይረዳል»

እንቅልፍ ያባርራል፤ ያ እንቅልፍ ግን ጠዋት ክፍል ውስጥ ይመጣል። አባት እየቃመ ልጁን «ተው» ቢለው ደግሞ አይሰማውም። ከምክሩ በፊት ልጁ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ አከራይዋን ጠይቁ።