በጎሮ ሰርቨሮች ላይ የፕሮሰስ ክትትል፦ ክሮን፣ ስክሪፕትና ዳሽቦርድ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ጫፍ፣ ጎሮ አካባቢ ያለው አይሲቲ ፓርክ የዳታ ማዕከላት የተሰባሰቡበት ነው። እዚያ ሰርቨር ለሚያስተዳድር ባለሙያ የትኛው ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ምን ያህል ፕሮሰሰርና ሚሞሪ እንደያዘ እየመዘገቡ መከታተል የዘወትር ሥራ ነው።

ንባቡን የሚመዘግበው ስክሪፕት፣ ማለትም በፋይል የተጻፈ የትእዛዞች ዝርዝር ነው። መሣሪያዎቹ ዕድሜያቸው ይለያያል፦ ስክሪፕቱን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሣው ክሮን የ1970ዎቹ የዩኒክስ ውርስ ነው፤ ቁጥሮቹን የሚያከማቸው ፕሮሜቴየስ በ2012፣ በዳሽቦርድ ላይ በግራፍ የሚያሳየው ግራፋና በ2014 እ.ኤ.አ. ተጀመሩ።

ስክሪፕቱ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ንባቡ ላይ ነው። በሊኑክስ ፕሮሰሶችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ ፒኤስ (ps) የሚያሳየው የፕሮሰሰር መቶኛ ፕሮሰሱ ከተነሣ ጀምሮ ያለውን አማካይ ነው፤ አንድ ወር የሠራ ዳታቤዝ አሁን ቢጨናነቅም ቁጥሩ እምብዛም አይነቃነቅም። የአሁኑን ለማወቅ የወቅቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ትእዛዝ ቶፕን (top) ሁለት ጊዜ አስነብቦ ሁለተኛውን መያዝ ይገባል። አርኤስኤስ (RSS) የሚባለው የፕሮሰስ ሚሞሪ ልኬት ደግሞ የጋራ ሚሞሪን በየፕሮሰሱ ደጋግሞ ስለሚቆጥር የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ፕሮሰሶች ድምር ሰርቨሩ ካለው ሚሞሪ ሊበልጥ ይችላል፤ ለድምር የጋራውን ሚሞሪ ለተጋሪዎቹ አካፍሎ የሚቆጥረው ፒኤስኤስ (PSS) ይሻላል።

ክሮን ላይ የመቶኛ ምልክት አዲስ መስመር ተደርጎ ስለሚነበብ ከፊቱ ወደኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ይገባል። የትእዛዞች ሙሉ አድራሻም ይጻፍ፤ በእጅ ሲሞከር የሠራው ስክሪፕት ክሮን ላይ ዝም የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። የቀደመው ዙር ሳያልቅ ቀጣዩ እንዳይደርብ ኤፍሎክ (flock) በተባለው የመቆለፊያ ትእዛዝ ይቆለፍ።

የሰዓት አቆጣጠራችን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። «ሌሊት 8 ሰዓት» ተብሎ የታዘዘ ባክአፕ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጥረው ክሮን ላይ 8 ተብሎ ከገባ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሰርቨሩ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው የዓለም አቀፍ ሰዓት (ዩቲሲ) ከሆነ ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይነሣል። ሠራተኛው ሁሉ ሲስተሙ ላይ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ትክክለኛው 2 ነው፤ በዩቲሲ ደግሞ የዋዜማው 23።

ንባብ በየ1 ደቂቃ ይሁን በየ5 ደቂቃ ያከራክራል። 5 ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሚሞሪ በፍጥነት የሚበላ ፕሮሰስ በሁለት ንባብ መካከል አብጦ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሊገድለው ስለሚችል 1 ደቂቃ ይመረጣል።

ለዳሽቦርዱ ስክሪፕቱ ውጤቱን በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ ሲጨርስ ስሙን ይቀይራል፤ አለዚያ ፋይሉን አንብቦ ለፕሮሜቴየስ የሚያቀርበው ኖድ ኤክስፖርተር ግማሹን ያነባል። የፕሮሰስ መለያ ቁጥርን ሌብል (ፕሮሜቴየስ መረጃውን የሚለይበት ምልክት) ማድረግ አይገባም፤ ፕሮሰሱ በተነሣ ቁጥር አዲስ የግራፍ መስመር እየተፈጠረ ፕሮሜቴየስን ያጨናንቃል። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሣ ዩፒኤሱ ካልቻለ ግራፉ ላይ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱ በዜሮ አይሞላ። ፋይሉ ለመጨረሻ ጊዜ ከተጻፈ 3 ደቂቃ ሲያልፍ የሚጮኽ ማንቂያ ይጨመር፤ የቆመ ስክሪፕት የመጨረሻ ቁጥሩን ማሳየቱን ስለሚቀጥል ዳሽቦርዱ ብቻውን አያጋልጠውም።