ስለ ዝንጉርጉሯ አይቪ የሚባለውና እውነታው

ሊትል ዳይመንድ የምትባለው አይቪ ቁመቷ አጭር፣ ቅጠሏ ትንሽ፣ የቅጠሏ ጠርዝ ክሬም የመሰለ ሐረግ ናት። መስኮት ላይ ትንሽ ቫዞ ስለሚበቃት ብዙ ሰው ይወዳታል፤ ስለ አያያዟ ከሚነገረው ግን ብዙው ስህተት ነው።

«ቅጠሉ የነጣው ምግብ አጥሮት ነው።» እኔም መጀመሪያ እንዲህ ብዬ ማዳበሪያ አብዝቼባት ጫፍ ጫፏን አሳርሬያለሁ። ነጩ በሽታም ረሃብም አይደለም። ያ የቅጠሉ ክፍል ክሎሮፊል (በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ቀለም) ስለሌለው ምግብ አይሠራም፤ የሚቀልበው አጠገቡ ያለው አረንጓዴ ነው።

«ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም፤ እሷም እንደዚያው።» ነብሩን እንጃ፣ አይቪ ግን ትለውጣለች። አንድ ቀን ከመሃል ድፍን አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ ይላል፤ ቅጠሉ ከሌሎቹ ሰፋ፣ በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት ረዘም ያለ። «በረታችልኝ!» ብሎ መተው ነው ስህተቱ። አረንጓዴው ብዙ ምግብ ስለሚሠራ ፈጥኖ ያድግና ቀስ በቀስ ተክሏን ይወርሳታል። እንደታየ ዝንጉርጉር ቅጠል እስካለበት ድረስ ወርዶ መቁረጥ ነው። ነጭ ብቻ የሆነውን ቀንበጥ ደግሞ ውበቱ ስቧችሁ ቆርጣችሁ ብትተክሉት ራሱን መቀለብ አይችልምና ይሞታል። ለማራባት ሁለቱም ቀለም ያለበትን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃል፤ በጥቂት ሳምንት ሥር ያወጣል።

«ጥላ ወዳድ ናት፣ ኮሪደር ጥግ ትኑር።» ድፍን አረንጓዴዋ አይቪ ትችለው ይሆናል። ይቺ ግን ምግብ የሚሠራላት አረንጓዴ ትንሽ ስለሆነ ብርሃን ካላገኘች ትመነምናለች። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይም ነጩን ጠርዝ ያቃጥለዋል። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ተስማሚዋ ነው።

ውሃ በየቀኑ የሚያጠጡም አሉ። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ስደዱ፤ ላይ ላዩ ካልደረቀ አታጠጧት፤ ውሃ ከበዛባት ሥሯ ይበሰብሳል። በበጋ ደረቅ አየር የሚያሰጋት ሌላ ነው፦ ከቅጠሉ ሥር ተደብቀው ቀጭን ድር የሚያደሩ፣ ነጥብ የሚያክሉ የሸረሪት ዘመዶች። ቅጠሉን ገልብጦ በውሃ ማጠብ ያባርራቸዋል።

«የቤቱን አየር ታጠራለች።» ወሬውን ያናፈሰው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ነው፤ አይቪም ከተሞከሩት ተክሎች አንዷ ነበረች። ሙከራው ግን የተደረገው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳሎን ውስጥ መስኮት መክፈት ይበልጣል።

«ጌጥ ናት፣ ምን ትጎዳለች?» ቅጠሏም ፍሬዋም መርዛማ ነው፤ ልጅ ወይም ድመት ካኘከው ሆድ ያውካል፣ ፈሳሿም አንዳንድ ሰው ላይ ሽፍታ ያወጣል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ቫዞዋንም ድክ ድክ የሚል ልጅ ከማይደርስበት ስቀሉት።