ለሐይቅ የሚሟገት ጥበብ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ምን እንዳልሆነ ልናገር። ዓሣ ስሎ ከሥሩ «ውሃችንን እንጠብቅ» ብሎ መጻፍ አይደለም። እሱ ማስታወቂያ ነው፤ ክፋት የለውም፣ ግን ማንም ቆም ብሎ አያየውም። ሐይቁ ስላማረ ብቻ መሳልም አይደለም። ሙግት የሚሆነው ሥራው አንድ የታወቀ ውሳኔ ለማስቀየር ሲወጣ ነው፦ ግድቡ እንዳይሠራ፣ ፍሳሹ እንዳይለቀቅ፣ ውሃው ተስቦ እንዳያልቅ። ስለዚህ ይቸኩላል። ነገሩ ካበቃ በኋላ ቢመጣ ትዝታ ነው የሚሆነው።

መልኩ ብዙ ነው። አርጀንቲናዊው ኒኮላስ ጋርሲያ ኡሪቡሩ እ.ኤ.አ. በ1968 የቬኒስን ትልቁን ቦይ ጉዳት በማያደርስ ቀለም ደማቅ አረንጓዴ አድርጎት ፖሊስ ይዞታል። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ጆሴፊን ማንዳሚን የተባሉ፣ አኒሺናቤ ከሚባለው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑ እናት ከ2003 ጀምሮ በመዳብ ባልዲ ውሃ ይዘው ታላላቅ ሐይቆችን በእግራቸው ዞረዋል። ይሄ ጸሎት እንጂ አርት አይደለም ቢባል አልከራከርም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የፔደር ታሪክ ነው።

ፔደር በአውስትራሊያ፣ በታዝማኒያ ደሴት ተራሮች መሀል የነበረ የጨው አልባ ውሃ ሐይቅ ነው። በበጋ ውሃው ሸሸት ሲል ወደ ሮዝ የሚያደላ ሰፊ አሸዋ ይወጣ ነበር፤ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ያርፉበት ነበር። በ1955 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፣ በ1967 ጥበቃው ተነሳ፣ ምክንያቱም የደሴቲቱ መብራት ኃይል በግድብ ሊያጥለቀልቀው ፈልጓል። ልብ በሉ፣ ሊያደርቀው አይደለም፣ በውሃ ሊቀብረው ነው።

ኦሌጋስ ትሩካናስ ከሊትዌኒያ ተሰድዶ የመጣ ፎቶግራፈር ነው። እንጀራውን የሚበላው ደግሞ እዚያው መብራት ኃይል ውስጥ ተቀጥሮ ነበር! በዚያው በ1967 በደረሰ የሰደድ እሳት ቤቱ ሲቃጠል ዓመታት ያነሳቸው ፎቶዎች አብረው አመድ ሆኑ። እንደገና ካሜራውን አንግቶ ተራራ ለተራራ፣ ወንዝ ለወንዝ እየዞረ ከመጀመሪያው ጀመረ። ከዚያ ስላይዶቹን፣ ማለትም በብርሃን ተጎልተው ሸራ ላይ የሚታዩ ፎቶዎቹን፣ በሆባርት ከተማ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ለሕዝብ ያሳይ ጀመር። ሰዉ አዳራሹን ሞላው። ማክስ አንገስን የመሳሰሉ የውሃ ቀለም ሠዓሊዎችም ሐይቁ ድረስ ሄደው ሳሉት።

እዚህ ላይ የዚህ ጥበብ አሠራር ይታያል ብዬ አምናለሁ። ፔደር ሩቅ ነው፣ አብዛኛው ሰው እግሩ ረግጦት አያውቅም፣ ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ ስምና ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው፣ ቁጥርን ደግሞ መሐንዲስ ሁልጊዜ በሌላ ቁጥር ይረታዋል። ስላይዱ ያንን ስም ቦታ አደረገው። ሰዎች ሄደው የማያውቁት ሐይቅ ናፈቃቸው።

የእኛን ሐረማያ አስቡት። ለመስኖም ለከተማም እየተቀዳ፣ ደለልም እየሞላው ደረቀ፤ ከደረቀ በኋላ በድሮ ፎቶው ስንቱ ተቆጨ። ፎቶው አደባባይ መውጣት የነበረበት ውሃው እያለ ነበር።

ፔደር ግን ተሸነፈ፤ ይሄን መደበቅ አያስፈልግም። ትሩካናስ በ1972 መጀመሪያ ላይ የተቃጠሉበትን ፎቶዎች ሊተካ ጎርደን ወንዝ ሄዶ እዚያው ሰጥሞ ሞተ። ሬሳውን ያገኘው እንደ ልጁ የሚያየው ወጣት ፎቶግራፈር፣ ፒተር ዶምብሮቭስኪስ ነው። በዚያው ዓመት ሐይቁም ተጥለቀለቀ። ለአዲሱ ሰው ሠራሽ ውሃ የሰጡት ስም «ፔደር ሐይቅ» ነው፤ ስላቅ ይመስላል።

በመጋቢት 1972 ግን ለፔደር የተሟገቱት ሰዎች ዩናይትድ ታዝማኒያ ግሩፕን መሠረቱ፤ የዓለም የመጀመሪያው አረንጓዴ ፓርቲ፣ ማለትም ለተፈጥሮ ጥበቃ የቆመ ፓርቲ፣ እየተባለ ይጠራል። ኋላ ደግሞ መብራት ኃይሉ የፍራንክሊንን ወንዝ ሊገድብ ዞረ፤ ዶምብሮቭስኪስ በጭጋግ ውስጥ ያነሳው የወንዙ ፎቶ በ1983 ምርጫ ዋዜማ በጋዜጣ በሙሉ ገጽ ወጣ፤ ከሥሩ፣ ይህን ለሚያጠፋ ፓርቲ ድምፅ ትሰጣላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ ነበረበት። ግድቡን የሚቃወመው ፓርቲ አሸነፈ። በሐምሌ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 4 ለ3 በሆነ ድምፅ ግድቡን አስቆመው። ፎቶው ብቻውን ነው ያሸነፈው ማለት ማጋነን ነው፤ ግድቡን ሲቃወሙ የታሰሩ ሰዎች አሉ፣ የሕግ ክርክር አለ። ግን ወንዙን ላላየ መራጭ ወንዙን ያሳየው እሱ ነው።

ግድቡ ተከፍቶ የድሮው ፔደር ይመለስ የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ምን እንደሚመለስ ሲጠየቁ የሚያሳዩት የትሩካናስን ስላይዶች ነው።