የድሮ ፊልም ጭራቆች ለምን ይንቀጠቀጣሉ? ስለ ኢፌክት የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

የድሮ የፋንታሲ ጀብዱ ፊልም በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል አብሮ ይነሳል፦ «ያኔ ቴክኖሎጂ ስላልነበራቸው እንደነገሩ ሠሩት፤ የሚያምረውም ለዚህ ነው።» በፍቅር የተነገረ ስለሚመስል የሚከራከረው የለም። ለሠሩት ሰዎች ግን ከስድብ አይሻልም። በጎማ፣ በሽቦ፣ በጀሶና በመስታወት የተሠሩት ትዕይንቶች ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ፊልሙን የሚሠሩት ፎቶዎች አንድ በአንድ፣ ተሰልተው የተሠሩ ናቸው። ናፍቆት የሚቀሰቅሰው መልካቸውም ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሌንስ፣ ብርሃንና ኬሚስትሪ ውስጥ ነው ያለው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጭራቁ የሚንቀጠቀጠው ፎቶ ስለቆጠቡ ነው»

ከሁሉም የሚያታክተው ይሄኛው ነው። ስቶፕ ሞሽን ማለት አሻንጉሊትን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ አንድ ፍሬም ማንሳት ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ፍጡር ሲራመድ ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ሰዉም «በሰከንድ በቂ ፎቶ አላነሱም» ብሎ ይደመድማል፤ ፊልም ያጠኑ ሰዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ይደግማሉ።

ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። በ1963 በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናውትስ» ውስጥ ሦስት ሰዎች ከሰባት አጽሞች ጋር በሰይፍ ይፋለማሉ። ሬይ ሃሪሃውዘን አጽሞቹን ለማንቀሳቀስ አራት ወር ተኩል ፈጅቶበታል። እያንዳንዱ አጽም ራስ፣ ሁለት እጅና ሁለት እግር አለው፤ ሰባቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ለአንድ ፍሬም 35 እንቅስቃሴ ይጠይቃሉ። በቀን የሚገኘው በአማካይ 13 ፍሬም ነበር፤ ስክሪን ላይ ግማሽ ሰከንድ ያህል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የሠራን ሰው ፎቶ ቆጥቧል ማለት ትልቅ በደል ነው። እርግጥ አንዱን አቋም ሁለት ሁለት ፍሬም እያነሱ በሰከንድ 12 አቋም ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ ያ መንቀጥቀጡን ያብሰዋል። በ24 አቋም ቢሠራም ግን አይጠፋም።

እውነተኛው ምክንያት ብዥታ አለመኖሩ ነው። ተራ የፊልም ካሜራ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለአንድ ፍሬም የሚከፈተው ለ1/48 ሰከንድ ያህል ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚወነጨፍ የሰው እጅ በዚያች ቅጽበት 4 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ፍሬሙ ላይ የሚቀረው ጥርት ያለ እጅ ሳይሆን የተጎተተ ጥላ ነው። ዓይን አንዱን ፍሬም ከሚቀጥለው ጋር የሚያያይዘው በዚያ በተጎተተው ጠርዝ ነው። አሻንጉሊቱ ግን ሲነሳ ፈጽሞ ቆሟል። እያንዳንዱ ፍሬም እንደ ፎቶግራፍ የጠራ ነው፤ እጁ እዚህ ነበር፣ አሁን እዚያ ነው፣ በመካከል ምንም የለም።

የማያምን በስልኩ ይሞክረው። ቪዲዮውን በሰከንድ 24 ፍሬም ላይ አድርጎ፣ የሻተሩን ፍጥነት በእጁ 1/1000 ላይ ያቁምና እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ይቅረጽ። ቀጥሎ ሻተሩን ብቻ ወደ 1/50 ይመልስና ያንኑ ሰው ደግሞ ይቅረጽ። የመጀመሪያው ልክ እንደ አሻንጉሊት ይቆራረጣል፤ የፍሬሙ ብዛት ግን አንድ ነው።

አሁን ያንን የሰይፍ ፍልሚያ አቁመው ፍሬም በፍሬም ይመልከቱት። በአንዱ ፍሬም ላይ ሰይፉን የሚሰነዝረው ተዋናይ ክንዱ ብዥ ብሏል፤ ከፊቱ ያለው አጽም ግን የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለቱ አንድ ቦታ ቆመው በአንድ ዓይነት ጊዜ ውስጥ አይደሉም። አጽሙ ከሌላ ዓለም የመጣ የሚመስለው በዚህ ነው። በድሮ ፊልም ውበት ከሚባለው ሁሉ እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ልዩነት ነው።

ብዥታውን መፍጠር ሲፈለግም ተፈጥሯል። በ1981 «ድራገንስሌየር» ላይ የኢፌክት ኩባንያው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ዘንዶውን ከሞተር ጋር በተያያዙ ዘንጎች አሰረው፤ እንቅስቃሴውን ኮምፒውተር መዝግቦ ሻተሩ በተከፈተ ቁጥር አሻንጉሊቱን በመጠኑ ያንቀሳቅሰዋል። ጎ ሞሽን ይባላል። ዘንዶው ሲራመድ የማይቆራረጠው ለዚህ ነው።

ከብዥታው ሌላ መንቀጥቀጥ የሚያመጡ ጥፋቶችም አሉ፤ እነዚህ ግን መከላከያ አላቸው። በ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» የጎሪላው ፀጉር ነፋስ እንደነካው የሚርመሰመሰው በየፍሬሙ የሠሪው ጣት ስለነካው ነው። ራሳችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ አሻንጉሊቱን ገላው ላይ ሳይሆን ፀጉር በሌለበት ቦታ ያዙት። ከእግሩ መዳፍ ሥር ዳዶ ቅበሩና ከጠረጴዛው በታች በብሎን እሰሩት፤ ያልታሰረ እግር ይንሸራተታል። የመገጣጠሚያውን ጥብቀት ከመጀመራችሁ በፊት ፈትኑ፦ ከጠበቀ ስትለቁት ወደነበረበት ይመለሳል፣ ከላላ ደግሞ ፍሬሙን እስክታነሱ ክንዱ በክብደቱ ዝቅ ይላል። ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት የሹል ሽቦ ጫፍ አፍንጫው ላይ አስጠግታችሁ አቁሙ፤ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ የምታውቁት ከዚያ ነው፤ ከማንሳታችሁ በፊት ሽቦውን ማውጣት አትርሱ። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ዝጉ፣ እናንተም ጥቁር ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ የሚመልሰው ብርሃን በየፍሬሙ ስለሚለያይ ትዕይንቱ ብልጭ ድርግም ይላል።

አጫጭሮቹ

«ብሉ ስክሪን የኮምፒውተር ዘመን ፈጠራ ነው።» አይደለም፤ ተዋናዩን በሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቀርጾ ጀርባውን በሌላ ምስል የመተካቱን ዘዴ በ1940 «ዘ ቲፍ ኦፍ ባግዳድ» ላይ የኢፌክት ባለሙያው ላሪ በትለር ተጠቅሞበታል፣ ፊልሙም በልዩ ኢፌክት ኦስካር አግኝቷል። ሰማያዊ የተመረጠው በሰው ቆዳ ውስጥ ሰማያዊ ጥቂት በመሆኑ ነው።

«ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፊልም ነው።» ፊልሙ የ1939 ነው፤ በሦስት ቀለም ቴክኒከለር (በዘመኑ የቀለም ፊልም ዘዴ) የተሠራው የመጀመሪያ ሙሉ ፊልም «ቤኪ ሻርፕ» በ1935 ወጥቷል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዶሮቲ ከቡናማው ዓለም ወደ ቀለሙ የምታልፍበት በርም በፊልሙ ላይ ቀለም ተቀብቶ የተሠራ አይደለም። ትዕይንቱ በሙሉ በቀለም ፊልም ነው የተነሳው፤ የቤቱ ግድግዳ ቡናማ ተቀብቷል፣ በሩን የምትከፍተውም ቡናማ የለበሰች ምትክ ናት። እሷ ከካሜራው ስትወጣ ዋናዋ ተዋናይት ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ትገባለች።

«በዘ ኔቨርኢንዲንግ ስቶሪ ረግረጉ ውስጥ የሰመጠው ፈረስ በእውነት ሞቷል።» አልሞተም። ፈረሱ የቆመው ከጭቃው በታች በነበረ ዝቅ በሚል መድረክ ላይ ነው።

«ድሮ ሁሉም በእጅ ነበር።» በ1985 «ያንግ ሼርሎክ ሆምስ» ውስጥ ከመስኮት መስታወት ወጥቶ የሚራመደው ባላባት ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ገጸ ባሕርይ ነው። በ1988 «ዊሎው» ላይ ጠንቋይዋ ከእንስሳ ወደ እንስሳ ስትለወጥም መሸጋገሪያው የኮምፒውተር ነው። የድሮ ሠሪዎች ኮምፒውተርን ከጎማው ጋር ጎን ለጎን ይጠቀሙበት ነበር።

«ትንሽ ሞዴል ሠርተው በቅርብ ይቀርጹታል፣ አለቀ»

አላለቀም። ትንሽ ግንብ ሲፈርስ ድንጋዩ ቶሎ መሬት ይደርሳል፤ የምድር ስበት ለሞዴል አያዝንም። ስለዚህ ካሜራው በፍጥነት ይቀርጽና ሲታይ በ24 ይዘገያል። ስንት ጊዜ ይፍጠን? የመጠኑን ስኩዌር ሩት ውሰዱ። ሞዴሉ የእውነተኛው 1/4 ከሆነ ሁለት እጥፍ፣ 48 ፍሬም። 1/9 ከሆነ 72፤ 1/16 ከሆነ 96።

ችግሩ ብርሃን ላይ ይመጣል። በ96 ፍሬም ሲቀረጽ እያንዳንዱ ፍሬም የሚያገኘው ብርሃን ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ ከተለመደው አንድ አራተኛ ብቻ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ሌንስ ወደ ሞዴል ሲጠጋ ከፊቱ ያለው ብቻ ይጠራና የቀረው ይደበዝዛል፤ ይህ ደግሞ ወዲያው አሻንጉሊትነቱን ያሳብቃል። ሁሉም እንዲጠራ የሌንሱ ቀዳዳ ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 22 ይጠባል (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ብርሃኑ እንደገና ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሁለቱ ሲባዙ 64 እጥፍ መብራት ያስፈልጋል። በዚያ ሙቀት ፕላስቲክ ይጣመማል፣ ሙጫ ይለቃል።

ውሃና እሳት ደግሞ በጭራሽ አያንሱም። የውሃ ጠብታ መጠኑ በባሕሩም በገንዳውም ያው ነው፤ ስለዚህ ጣት የምታህል መርከብ ላይ ጠብታው የሰው ጭንቅላት ያህል ሆኖ ይታያል። የባሕር ትዕይንት ሞዴሎች ከ1/4 ባላነሰ መጠን ቢሠሩ የሚመረጠው ለዚህ ነው። የተረቱን መርከብ አይታችሁ «ፕላስቲክ ይመስላል» ካላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመርከቡ ሳይሆን የውሃው ነው።

«የኮምፒውተሩ ያረጃል፣ የእጅ ሥራው አያረጅም»

ያረጃል፤ ቃል በቃል ይበሰብሳል። የብዙዎቹ ጭራቆች ቆዳ የላቴክስ አረፋ ነው። የተለመደው ልኬት 150 ግራም ላቴክስ፣ 30 ግራም አረፋ ማውጫ፣ 15 ግራም ማጠንከሪያና 14 ግራም ያህል ማርጊያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በማደባለቂያ ይመታሉ፤ ከዚያ ፍጥነቱ ዝቅ ተደርጎ ትልልቁ አረፋ እንዲጠፋ ይጠበቃል፤ ማርጊያው መጨረሻ ላይ ገብቶ ወዲያው ጀሶ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፤ በ85 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይጋገራል። በድብደባው ወቅት የላቴክሱ አሞኒያ መውጣት አለበት። ካልወጣ አረፋው ሳይረጋ ይወድቃል፤ ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ሳይፈስስ ሳህኑ ውስጥ ይረጋል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ማርጊያው መቀነስ አለበት። የመዳብ ዕቃ እንዳይነካው፤ መዳብ ላቴክስን ያበላሻል።

በጥንቃቄ የተሠራውም ቢሆን አየርና ብርሃን በጊዜ ብዛት ያደርቁታል፤ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ በኋላ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ከዚያ ዘመን ጭራቆች የቀረው ብዙ ጊዜ የብረት አጥንቱ ብቻ ነው። «ያኔ ሁሉም ጥሩ ነበር» የሚለውም ከዚሁ ስህተት ጋር ይሄዳል፤ በዚያው ዘመን የወጡ ደካማ የጎማ ጭራቆች ሞልተው ነበር፣ ዛሬ ስለማናያቸው ረሳናቸው።

«ሽቦው ይታያል፤ ግድ አልነበራቸውም»

የሚበርን ሰው ወይም ዘንዶ የሚይዘው ሽቦ እጅግ ቀጭን ነው፤ ከኋላው ካለው ቀለም ጋር እንዲመሳሰል ይቀባል፣ መብራቱም እንዳያብለጨልጨው ይስተካከላል። ሥራው የታሰበው አዳራሽ ውስጥ ለሚታይ ኮፒ ነበር። ከነጋቲቩ፣ ካሜራው ውስጥ ከተነሳው ዋና ፊልም፣ እየተቀዳ የሚወጣ ኮፒ በየደረጃው ጥራት ስለሚቀንስ ሽቦው እዚያ ይሰምጣል። ዛሬ ነጋቲቩ ራሱ በ4 ኬ፣ ማለትም እጅግ በጠራ ዲጂታል ምስል፣ ይቃኛል፤ ያኔ ማንም ተመልካች ያላየው ነገር ይታያል። በድሮ ካሴቶች ደግሞ በሚበሩ ነገሮች ዙሪያ ግራጫ ካሬ ብቅ ይል ነበር፤ በአዳራሹ ጥቁር ውስጥ የሚጠፋውን መሸፈኛ ቴሌቪዥኑ አጋለጠው። ለጠባብ ቴሌቪዥን ተብሎ ምስሉ ከላይና ከታች ሲከፈትም በሲኒማ የተቆረጠው መሣሪያ ሁሉ ይወጣል።

ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን አስተካክሉ። እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ሙሉ በሙሉ አጥፉ፤ በፍሬሞቹ መካከል የሌለ ፍሬም እየፈጠረ የጠራውን አጽም ያቀልጠዋል፣ በዙሪያውም ጭጋግ ያወጣል። የሥዕል ምርጫውን «ሲኒማ» ወይም «ፊልም ሜከር» ላይ አድርጉ። ሻርፕነሱን ዝቅ አድርጉ፤ ሽቦ የሚያጎላው እሱ ነው። የፊልሙን ቅንጣት የሚያጠፋውን ማጽጃ ዝጉ፤ ሞዴሉንና በሥዕል የተሠራውን ጀርባ ከተዋናዩ ጋር የሚያዋህደው ያ ቅንጣት ነው። ምስሉ በመጀመሪያው ስፋቱ ይሁን፣ ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ቢመጣም አትዘርጉት። ብርሃኑን የምታስተካክሉትም በዚያው መስመር ነው፦ የሌሊት ትዕይንት ላይ አቁሙና የሰማዩ ጥቁር ከመስመሩ ጥቁር ጋር እስኪመሳሰል ቀንሱ፤ ዋሻው ውስጥ የቆመው ሰው ፊቱ መጥፋት ሲጀምር አንድ ነጥብ መልሱ።