በአሜሪካ የደም ቅዳ አንጂዮግራፊ የክፍያ ኮዶች

በዩናይትድ ስቴትስ ሐኪም በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ካቴተር የሚባለውን ቀጭን ቱቦ አስገብቶና በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ረጭቶ ደም ቅዳዎችን ሲመረምር (ይህ አንጂዮግራፊ ይባላል)፣ ክፍያው የሚጠየቀው ባለ አምስት አሃዝ በሆኑ ኮዶች ነው። ኮዶቹ የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ማሳተም ከጀመረው ሲፒቲ ከተባለው መዝገብ የሚወሰዱ ሲሆን፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሚያገለግለው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬርም በ1983 ተቀብሏቸዋል።

ከልብ ውጭ ባሉ ደም ቅዳዎች ኮዱን በዋናነት የሚወስነው የቱቦው ጫፍ የደረሰበት ቦታ ነው። ጫፉ ከልብ ከሚነሣው ዋና ደም ቅዳ፣ ከአዮርታ፣ ካልወጣ 36200 ይጻፋል። ከአዮርታ በቀጥታ የሚወጣው ቅርንጫፍ አንደኛ ደረጃ፣ ከእርሱ የሚከፈለው ሁለተኛ፣ ቀጣዩ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ይባላል፤ ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ፣ ከድያፍራም፣ በታች ላሉት በቅደም ተከተል 36245፣ 36246 እና 36247 ተመድበዋል። ለምሳሌ በቀኝ ብሽሽት ገብቶ፣ አዮርታን ተሻግሮ እስከ ግራ ጭን ላዕላይ ደም ቅዳ የዘለቀ ቱቦ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ስለደረሰ 36247 ይሰጠዋል፤ በመንገዱ ያለፈባቸው ሁለቱ ደረጃዎች በዚሁ ውስጥ ስለሚጠቃለሉ ለየብቻ አይጠየቁም። የአንዱ እግር ምስል ግን 75710፣ የሁለቱም ከሆነ 75716 ተብሎ በተጨማሪ ይመዘገባል። ስለዚህ የሐኪሙ ዘገባ የጫፉን መድረሻ በስም መግለጽ አለበት፤ «የእግር አንጂዮግራም ተሠራ» የሚል አጭር ጽሑፍ ለኮድ ባለሙያው ደረጃውን አያሳየውም።

በልብ ላይ አሠራሩ የተለየ ነው። ቀድሞ ቱቦ ማስገባቱ፣ ፈሳሽ መርጨቱና ምስል ማንበቡ የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው፤ ከ2011 ወዲህ ግን ከ93454 እስከ 93461 ባሉት ኮዶች ተጠቃለዋል። 93458 የልብ ደም ቅዳዎችን ምስልና የግራ ልብ ምርመራን በአንድነት ይይዛል። የአንገትና የጭንቅላት ደም ቅዳዎችም በ2013 በተመሳሳይ መንገድ ተደራጅተዋል። ይህ ማጠቃለል ተደራራቢ ጥያቄን ስለሚቀንስ ተገቢ እርምጃ ነበር።

አከራካሪው ጉዳይ ምርመራውና ሕክምናው በአንድ ቀጠሮ ሲከናወኑ ይነሣል። ቀደም ሲል በካቴተር የተነሣ በቂ ምስል ከሌለና ሕክምናው የተወሰነው በዕለቱ ምርመራ ከሆነ፣ ምርመራው 59 የሚል ተቀጥላ (በኮዱ መጨረሻ የሚጨመር ባለ ሁለት አሃዝ ምልክት) ታክሎበት ለብቻው ሊጠየቅ ይችላል፤ ሕክምናውን ለመምራት ብቻ የተነሣ ምስል ግን አይከፈልበትም። 26 የሚለው ተቀጥላ ደግሞ የሐኪሙን የሙያ ድርሻ ያመለክታል፤ ሆስፒታሉ ለክፍሉ፣ ለመሣሪያውና ለሠራተኞቹ በራሱ ሂሳብ ስለሚጠይቅ፣ ለአንድ ምርመራ ሁለት ሂሳብ የደረሰው ታካሚ የግድ ሁለት ጊዜ ተጠይቋል ማለት አይደለም።